ዘጠነኛው ብርጭቆ

ሮልፍ ኖስኬን ሞቶ ያገኘችው ልጁ ሄዘር ናት። በአሮጌው ምድር ቤት የድንጋይ ደረጃ ግርጌ በደረቱ ተደፍቶ፣ ለከሰዓት በኋላው ቅምሻ ያወጣትን ጠርሙስ እንዳቀፈ ነበር። ጠርሙሷ አልተሰበረችም። ወሬው በሸለቆው ሲዳረስ ግማሹ ሰው «ምስኪን ሮልፍ» ከማለቱ በፊት «የስንት ዓመቷ ጠርሙስ ነበረች?» ብሎ ጠየቀ። እንዲህ ነን እኛ የአውስትራሊያው የወይን ሸለቆ የባሮሳ ሰዎች፤ ምን እዋሻለሁ።

የከተማችን ፖሊስ ሳጅን ማልኮም ባርትሽ መጀመሪያ «አዳልጦት ነው» ብሎ ነበር። ሐኪሙ መጥቶ አናቱን ካየ በኋላ ግን ሐሳቡን አስቀየረው። ቁስሉ መሀል አናት ላይ ነው፤ ክብ ነው፤ የሻይ ብርጭቆ አፍ ያህላል። ምድር ቤቱ ግድግዳ ላይ ደግሞ የበርሜል ውታፍ መምቻ የእንጨት መዶሻዎች በተርታ ተሰቅለዋል። አራቱ በብዙ ዘመን ወይን ጠቁረዋል፤ አምስተኛው ታጥቦ ገና ውሃው ይንጠባጠባል። አዳልጦት የወደቀ ሰው መዶሻ አያጥብም። ማልኮም ወደ አዴላይድ ደወለ።

ከአዴላይድ የተላከችው መርማሪ ኖላ ፔንጊሊ ትባላለች። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አጭር፣ ጠንካራ፣ ፔርሙዝ በብብቷ ሸጉጣ የምትዞር ሴት። በሙንታ ከተማ የመጠጥ ቤት ባለቤት ልጅ ብትሆንም እሷ ራሷ ወይን በአፏ አይዞርም። ይህን ስንሰማ ቅር አለን። የወይን ሰው ቢሞት ሻይ ጠጪ ይላክልናል? ንቀት ነው የመሰለን።

«እነማን ነበሩ?» አለች ኖላ ጫማዋን እየጠረገች።

«ከሟቹ ሌላ አራት ሰው» አላት ማልኮም። «ሦስቱ ቀማሾች፣ አራተኛዋ ቀጂዋ። ለእኔ ነገሩ አልቋል።»

«ገና ጫማዬን ሳልጠርግ ጨረስከው?»

«ስሚኝ እንጂ። ይህ ቤት በየዓመቱ ካበርኔና ሺራዝ የተባሉትን የወይን ዘሮች ደባልቆ አንድ ቀይ ወይን ይሠራል። ዛሬ የአሥራ ሁለት ዓመት ወይን ተደርድሮ፣ የትኛው በደንብ እንዳረጀ ሊፈረድ ነበር። ከቀጂዋና ከሮልፍ በቀር የትኛው ብርጭቆ የየትኛው ዓመት እንደሆነ ማንም አያውቅም። ሦስቱ በየመጋረጃቸው ውስጥ ገቡ። ከአራት ሰዓት እስከ አራት ከአርባ ትንፍሽ የለም። በዚያች ጊዜ አሥራ ሁለት ወይን አይቶ፣ አሽትቶ፣ ቀምሶ፣ ተፍቶ፣ ስለ እያንዳንዱ ጽፎ ለመጨረስ ወንበር ላይ መጣበቅ ነው። ሽንት ቤት እንኳ አይኬድም። ሦስቱም ዓርብ በታደላቸው ወረቀት ጽፈው ጨርሰዋል፤ ወረቀታቸው ታሽጎ፣ ተፈርሞበት፣ ሣጥን ውስጥ ገብቷል። ሮልፍ የተገኘው ከዚያ ከሩብ ሰዓት በኋላ ነው። ታዲያ እጁ ባዶ የነበረው ማን ነው?»

«ቀጂዋ።»

«ዴል ፌክነር። ወጥ ቤት ብርጭቆ ሳጥብ ነበር ትላለች፤ ያያት የለም። ጠዋት ከሮልፍ ጋር ስትጮህ ተሰምታለች። 'ይህ ማታለል ነው!' ስትል። በምን እንደተጣሉ ብላት ብሠራት አልናገርም አለች። ሽርጧ ቀይ በቀይ ነው። በአሥራ ሁለት ሰዓት አዴላይድ ይዣት እሄዳለሁ።»

«ፍርዱን ራስህ የሰጠህ ያህል ቸኩለሃል» አለች ኖላ፤ ወደ ሟቹ ሄደች። ከሮልፍ ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ተራ ቁጥር፣ አጠገቡ ዓመት። በዘጠነኛው ላይ 84 ተሰርዞ 86 ተጽፎበታል። ገልብጣ ጀርባውን አየች፤ ረዘም ላለ ጊዜ አየችው፤ ከዚያ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ዴል ወጥ ቤት ውስጥ የሣጥኑን ቁልፍ ጨብጣ ተቀምጣለች። ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት ቀድታለች።

«ወይዘሮ ፌክነር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና...»

«እርስዎ እርስዎ አትበይኝ፣ ያለዚያም አርጅቻለሁ። ዴል ነኝ።»

«እሺ ዴል። ሽርጥሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ወይን ነዋ! ደም ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ደም ይለቃል።»

ኖላ ሳቀች። «ከሮልፍ ጋር ምን አጣላችሁ?»

«አልናገርም።»

«ሰው እኮ ሞቷል።»

«አላጣሁትም። ለማንም እንዳልናገር ያዘዘኝም የሞተው ሰው ነው። የቀማሾቹ ወረቀት ሳይነበብ የቀጂ አፍ አይከፈትም። እናቴም እዚሁ ስትቀዳ እንዲህ ነበረች፤ እኔም እንዲህ ነኝ። ብርጭቆው ውስጥ ያለውን አስቀድሜ ከተናገርኩ ፍርዱ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።»

«ማልኮም በአሥራ ሁለት ሰዓት ካቴና ያስገባልሻል።»

የዴል ፊት ያኔ ተለወጠ። «እሱን አታንሺብኝ። ባሌ ቪክ አልጋ ላይ ነው፤ የዚህ ቤት በርሜል ሠሪ ነበር፤ ግማሽ አካሉ ከሞተ አራት ዓመቱ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ካላገላበጥኩት ጀርባው ይቆስላል። ጎረቤቴ እስከዚያ ትጠብቅልኛለች፤ ከዚያ በኋላ የሌሊት ሥራ አለባት። እኔን ከወሰዱኝ ማን ያየዋል? ንገሪኛ!»

«እንግዲያው ተናገሪ።»

«አልናገርም» አለች ዴል፤ እንባዋን በሽርጧ ጠረገች።

ግትር ሴት ናት፤ እኛስ ለዚህ አይደል የምንወዳት። ኖላ ግን አልተቆጣችም። አፍንጫዋን አንስታ ዙሪያዋን አሸተተች። «ይህ ርጥብ ጆንያ የሚሸተው ከየት ነው?» ጎንበስ ብላ የዕቃ ማጠቢያውን ሥር ከፈተች። አንዲት ጠርሙስ ተቀምጣለች፤ ቡሿ ተነቅሏል፤ ወይኗ ግን እስከ አንገቷ ሙሉ ነው። ሽታው ከእሷ ነው። የተለጠፈባት ዓመት 1984 ይላል። ኖላ ዴልን አየቻት፤ ዴል ጣሪያውን አየች።

ከዚያ ሄዘር ተጠራች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ የአባቷ መንጋጋና የአባቷ ቁጣ አላት። ዓይኗ አብጧል። ጥርሶቿና ከንፈሯ እንጆሪ ሲበላ እንደዋለ ልጅ ጠቁረዋል።

«አባትሽ ሰኞ አንድ ነገር ሊናገር ነበር ብሎኛል ማልኮም። ምን ነበር?»

«የማደባለቂያውን ክፍል ቁልፍ ለማን እንደሚሰጥ። ለእኔ ወይስ ለትሬቨር። ትሬቨር ዞብል የቤቱ ወይን ሠሪ ነው፤ ሃያ አምስት ዓመቱ።»

«የሚሰጠው ለማን ይመስልሽ ነበር?»

«ለትሬቨር ነዋ!» አለች ሄዘር። «አልደብቅሽም፣ ቀንቼበታለሁ። አንጀቴ እስኪያር ነው የቀናሁት። እኔ ብርጭቆ ሳነሳ አባቴ የሚያየው የትሬቨርን ፊት ነው፤ ትሬቨር ቅንድቡን ከሰቀለ አበቃ፣ ወይኔ ጠፋ። በሰርጌ ቀን ሊድረኝ ሲል እንኳ 'ትሬቨር የት አለ?' ብሎ ጠይቋል። ለመግደል ግን የሚገደለው ትሬቨር ነበር እንጂ አባቴ ምን በወጣው?»

«ይህን ለማልኮም እንዳትደግሚለት።»

ሦስተኛው ሰው ጎርደን ማላርድ ነው፤ የአዴላይድ የወይን ዳኛ፣ ሰባ ዓመት ያለፈው ከራባታም። እሱም ሲናገር ጥርሱ ጥቁር ነው፤ ስለዚህ አፉን በእጁ ይከልላል።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እስከ ነገ አይለቅም» አላት። «በቅምሻ ቀን ጥርስ መቦረሽ በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ሳሙናው ምላስን ይገድላል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ ዙር ነበረን።»

«ከሮልፍ ጋር ወዳጅ ነበራችሁ?»

«ኤልቫ የምትባል ልጅ አጭቼ ነበር፤ ሮልፍ አገባት። አርባ ዓመት ቀናሁበት። ኤልቫ ስትሞት ቀብሯ ላይ ሁለታችን ጎን ለጎን ቆመን አለቀስን። ከዚያ ወዲያ በምኑ ልቅና? ወዳጅ ሆንን።»

«ወይን በደንብ አረጀ የሚባለው እንዴት ሲሆን ነው?»

ጎርደን ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን ከአፉ አነሳ። «ብርጭቆውን ዘንበል አድርጊና ጠርዙን እይ። ወጣቱ ሐምራዊ ነው፤ ያረጀው የጡብ መልክ ይይዛል። ያ ለዓይን ነው። አፍ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ምላስ ያስር የነበረው ይለሰልሳል። ክፉ ድብልቅ ሲያረጅ ግን እንደ ክፉ ጋብቻ ነው፤ ሁለቱ ይለያዩና አንዱ በአንዱ ላይ ይጮኻል።»

«እዚህ ቤት ከወይኑ ቅናቱ ሳይበልጥ አይቀርም» አለች ኖላ።

«ቅናትማ ያለ ቡሽ ይቀመጣል፣ እመቤቴ።»

ትሬቨር ዞብል መጨረሻ ገባ። ስድሳ ዓመቱ ነው። በሸለቆው «አፍንጫ» እንለዋለን፤ ዓይኑን ጨፍኖ የማን ማሳ፣ የየትኛው ዳገት ወይን እንደሆነ ይነግርሃል። ወገቡ ላይ የቁልፍ ዘለላ ይንቃጨላል። ገና ሳይቀመጥ ፈገግ አለ፤ ጥርሱ ነጭ ነው፤ መልከ መልካም ሰው ነው ትሬቨር።

«ቁልፉ የምን የምን ነው?» አለችው።

«ከማደባለቂያው ክፍል በቀር የሁሉም ነው። የበርሜሉ ቤት፣ የቀዝቃዛው ክፍል...»

«ቀዝቃዛው ክፍል ምን ያደርጋል?»

«አሮጌ ወይን አተላ አለው። ሦስት ቀን ቆሞ ካልጠለለ አይቀዳም። የዛሬዎቹ ጠርሙሶች እዚያ በተራቸው ቆመው ነበር።»

«ከመጋረጃህ ወጥተህ ነበር?»

«እኔ?» ሳቀ። «አሥራ ሁለት ማስታወሻ ጽፌያለሁ። ሣጥኑ ውስጥ አለልሽ።»

«ስለ ድብልቅ አስተምረኝ እስቲ።»

ትሬቨር ደልደል ብሎ ተቀመጠ። «ካበርኔ አጥንት ነው፤ ሺራዝ ሥጋ ነው። አጥንቱ ብቻ ከሆነ ይደርቃል፤ ሥጋው ብቻ ከሆነ ይዘረጠጣል። ሃያ ዓመት ቆይቶ የትኛው አጥንት የትኛው ሥጋ እንደሆነ መለየት ካቃተሽ፣ የደባለቀው ሰው ሙያ አለው።»

«ከዚህ ቤት ምርጡ የትኛው ነው?»

«ሰው የሮልፍ ሰማንያ አራት ነው ይላል።» ፈገግታው አልጠፋም፤ ቁልፎቹን ግን ጨበጣቸው። «የዚያን ዓመት ወገቤን ተሰብሬ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር፤ ሮልፍ በራሱ እጅ ደባለቀ። አንዴ! በሃያ አምስት ዓመት አንዴ! ከዚያ ወዲህ እኔ ምን ብሠራ 'ጥሩ ነው ትሬቨር፣ ግን እንደ ሰማንያ አራቱ...' ሰርግ ብሄድ ሰማንያ አራት፣ ቀብር ብሄድ ሰማንያ አራት። ዕድል ነበር እንጂ ሙያ አልነበረም።» ከዚያ ድምፁን አለሰለሰ። «ምስኪን ዴል ግን አሳዘነችኝ። ከኤልቫ በፊት ሮልፍ የሚያስጨፍረው እሷን ነበር፤ ታውቂያለሽ? ሴት ልጅ እንዲህ ያለውን አትረሳም።»

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ያን ቀን በዴል ላይ ምሳር ያላነሳ አልነበረም፤ እኛም ውጭ ቆመን ያን ጭፈራ ስናነሳ ስንጥል ነበር፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ኖላ ብቻዋን ወደ ቅምሻው አዳራሽ ገባች። ሦስት ነጭ መጋረጃ፣ በየውስጡ ጠረጴዛ፣ አሥራ ሁለት ብርጭቆ፣ ዳቦ፣ የመትፊያ ባልዲ። የትሬቨር ቦታ ለምድር ቤቱ በር ቅርብ ነው፤ መጋረጃውን ከኋላ ገለጥ ቢያደርጉ አምስት እርምጃ ነው። የሁሉም ብርጭቆዎች ወደ ግማሽ ጎድለዋል። ባልዲዎቹን አንድ በአንድ እያዘነበለች አየች። በሁለቱ ላይ ምራቅ አረፋ ሠርቶ፣ የዳቦ ፍርፋሪ ተንሳፍፎበታል። በአንዱ ያለው ወይን ከጠርሙስ እንደተገለበጠ ጥርት ያለ ነው። ተቀመጠች፤ ከፔርሙዟ ሻይ ቀዳች፤ ወተት ጨመረች፤ በእርጋታ ጠጣች።

አሥራ አንድ ተኩል ላይ ሁሉም በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰበሰቡ። ማልኮም ካቴናውን አውጥቶ ከዴል ፊት አስቀምጧል። ዴል ሰዓቱን ትቆጥራለች።

«ቅምሻው አላለቀም» አለች ኖላ። «ሮልፍ የጀመረውን እንጨርስለት። ዴል፣ ሣጥኑን ክፈቺ።»

«አሁን የወረቀት ጊዜ ነው?» አለ ማልኮም።

«አንተ ጠዋት ጨርሰሃል፤ እኔ ገና ነኝ። ተቀመጥ።»

ዴል ከፈተች። ፖስታዎቹ እንደታሸጉ፣ ፊርማቸው እንዳለ ነው፤ ሦስቱም ፊርማቸውን አይተው «የእኔ ነው» አሉ።

«የማነበው ሁለት ብርጭቆ ብቻ ነው» አለች ኖላ። «አራተኛውንና ዘጠነኛውን። አራተኛው፤ ሄዘር፦ 'አጥንቱና ሥጋው አልለይ አለኝ። ገና አሥር ዓመት ይኖራል። ከሃያ አሥራ ዘጠኝ።' ጎርደን፦ 'እንዲህ ማርጀት ለእኔም በደረሰኝ። አሥራ ዘጠኝ።' ትሬቨር፦ 'የእውነተኛ ባለሙያ እጅ። ከሁሉ የሚበልጥ። አሥራ ዘጠኝ ተኩል።' እስከዚህ ተስማምታችኋል።»

ትሬቨር አንገቱን ነቀነቀ።

«ዘጠነኛው። ሄዘር፦ 'ይህና አራተኛው አንድ ናቸው? ደግሜ ቀመስኩ። አንድ ናቸው። አሥራ ዘጠኝ።' ጎርደን፦ 'አራተኛው ተመልሶ መጣ! ሮልፍ፣ አንተ ሽማግሌ፣ ልትፈትነን ነው? አሥራ ዘጠኝ።' አሁን ትሬቨር።» ኖላ መነጽሯን አስተካከለች። «'የሞተ ወይን። ሥጋው ከአጥንቱ ተላቆ ኮምጣጤ ሆኗል። የደባለቀው ሰው ዕድል እንጂ ሙያ አልነበረውም። በዚህ ወይን ሃያ ዓመት የተመካ ሁሉ ሊያፍር ይገባዋል። ከሃያ ስድስት።'»

ጎርደን ቀና ብሎ ትሬቨርን አየው። ሄዘርም አየችው። ትሬቨር ሁለቱን ተራ በተራ አየ፤ ከዚያ ዓይኑ ዴል ላይ አረፈ።

«ዴል፣ ወረቀቱ ተነቧል» አለች ኖላ። «አሁንስ አፍሽ ይከፈታል?»

ዴል ረጅም ትንፋሽ አወጣች። «ይከፈታል እንጂ! ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሮልፍ ሰማንያ አራቱን ከፈተ። የመጨረሻዋ ጠርሙስ ነበረች። ቡሹ አበላሽቷት፣ ርጥብ ጆንያ ርጥብ ጆንያ ትሸታለች። ሌሎቹ ሁሉ መጠባበቂያ አላቸው፣ እሷ ብቻ የላትም። 'በዘጠነኛው ላይ ሌላውን ሰማንያ ስድስት ቅጂ፣ ለማንም እንዳትናገሪ' አለኝ። እኔም 'አሥራ ሁለት የተለያየ ወይን ብለሃቸው አንዱን ሁለቴ? ይህ ማታለል ነው!' ብዬ ጮህኩበት። በሕይወቴ የጮህኩበት ዛሬ ብቻ ነው። ጠቡ ይኸው ነው።»

«ሰማንያ ስድስቱን የደባለቀው ማን ነው?» አለች ኖላ፤ መልሱን እያወቀች ነው የጠየቀችው።

«ትሬቨር ነዋ» አለች ዴል።

ማልኮም እንኳ ገባው፤ ካቴናውን ከዴል ፊት ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ሳበ።

«ከመጀመሪያው ልጀምር» አለች ኖላ። «ያደግሁት መጠጥ ቤት ውስጥ ነው። ሰው ምን እንደጠጣ በጥርሱ አውቃለሁ። ሄዘር ስታለቅስ ጥርሷ ጥቁር ነበር። ጎርደን አፉን በእጁ ከልሎ ነው ያናገረኝ፤ ጥርስ መቦረሽም ነውር መሆኑን የነገረኝ እሱ ነው። አንተ ግን ትሬቨር፣ አሥራ ሁለት ቀይ ወይን ቀምሰህ በነጭ ጥርስ ሳቅህልኝ። ሁለተኛ፣ የእነሱ ባልዲ ምራቅና ፍርፋሪ አለበት፤ የአንተ ከየብርጭቆው የተገለበጠ ጥሩ ወይን ነው። ሦስተኛ፣ ጠርሙሶቹ ሦስት ቀን በተራቸው የቆሙበት ክፍል ቁልፍ ወገብህ ላይ ነው፤ የመጻፊያው ወረቀት ደግሞ ዓርብ ታድሏል። ዘጠነኛው ሰማንያ አራት መሆኑን አውቀህ፣ ማስታወሻህን ቤትህ ጽፈህ መጣህ። ሁለቱ አፍንጫቸውን ብርጭቆ ውስጥ ነክረው ሳሉ አንተ በመጋረጃው ኋላ ወጣህ፤ ከመዶሻዎቹ አንዱን ወሰድክ፤ አጥበህ መለስክ። ዴል ወጥ ቤት ውሃ ከፍታ ብርጭቆ ታጥብ ነበር፤ አልሰማችህም። የማታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ቡሽ መበላሸቱን።»

ትሬቨር ሳቀ። ሳቁ ግን ደረቀበት። «ወይን የማትጠጪ ሴት ነሽ፤ አልፈርድብሽም። እኔ መቅመስ አያስፈልገኝም። አፍንጫዬ ይበቃኛል። አሸትቼ ጻፍኩ። ዓለም ሁሉ ያውቃል።»

«ጥሩ መልስ ነው» አለች ኖላ። «ይህን ስትል ፍርድ ቤት ላይረታህ ይችላል። ጥርስህም ነጭ፣ ባልዲህም ጥሩ ቢሆን 'አሽትቶ ነው' ይባልልሃል። እንግዲህ በእነዚህ ሰዎች ፊት ድገመው። እኔ ትሬቨር ዞብል ዘጠነኛውን ብርጭቆ አሸተትኩት፤ በገዛ እጄ የደባለቅሁት የእኔ ሰማንያ ስድስት ነው፤ አላወቅሁትም፤ የሞተ ኮምጣጤ መሰለኝ በል። ይህን በልና ማልኮም ካቴናውን ይመልስ።»

ትሬቨር አፉን ከፈተ። ሁላችንም እንደምናውቀው፣ ነፍሱን ለማዳን የሚያስፈልገው አንድ ቃል ነበር። «አላወቅሁትም።» ሄዘር እያየችው ነው። ጎርደን እያየው ነው። ዴል እያየችው ነው። ሸለቆው ሁሉ በመስኮት የሚያየው ሳይመስለው አልቀረም።

አፉን ዘጋ። ተነስቶ ወደ መጋረጃው ሄደ፤ ማልኮም ሊከተለው ሲል ኖላ በእጇ አስቆመችው። ትሬቨር ዘጠነኛውን ብርጭቆ ይዞ ተመለሰ። ከጠዋት ጀምሮ ሲናፈስ የዋለ ወይን ነው። አፍንጫውን አስገባ። ዓይኑን ጨፈነ።

«አልሞተም» አለ ቀስ ብሎ። «ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ውሎ እንኳ አልሞተም። የእኔ ነው።» ከዚያ ድምፁ ከፍ አለ። «ባሸትተው ኖሮ እንዴት አላውቀውም? ከሺህ ብርጭቆ መሀል ነው የማውቀው! ልጄ እኮ ነው! አላሸተትኩትም፤ እዚያ አልነበርኩም፤ ምድር ቤት ወርጄ ነበር!»

ሄዘር ጮኸች፦ «አባቴ ምን አደረገህ? ምን አደረገህ ትሬቨር?»

«ትናንት 'አፍንጫው ያንተ ነው፤ እጁ ግን የሄዘር ነው' አለኝ። እንዲህ ካለ ቁልፉን የሚሰጠው ለአንቺ ነው። ሃያ አምስት ዓመት! አንዴ በዕድል የደባለቀው ከእኔ ሥራ ሁሉ ሲበልጥ ሰማሁ፤ አሁን ደግሞ ልጁ ልትበልጠኝ ነው። አልቻልኩም፤ ይኸው ነው፤ አልቻልኩም።»

ኖላ ያችን አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣች። ጥቂት አመነታች፤ ልትተወው ሁሉ ፈልጋ ነበር። ከዚያ ጀርባውን ወደ ላይ አድርጋ ከፊቱ አስቀመጠችለት። የሮልፍ የተንጋደደ እጅ ጽሑፍ ነው፦ «ሁለቱንም ሰማንያ ስድስት ዛሬ ጠዋት ቀመስኩ። ከእኔ ሰማንያ አራት ይበልጣል። ሃያ ዓመት አፌ ተሳስሮ ሳልነግረው ቀረሁ፤ ቀናሁበት መሰለኝ። በምሳ ሰዓት በሁሉም ፊት እነግረዋለሁ። ቁልፉም ለእሱ፤ ሄዘር ከሥሩ ሆና ትማር።»

ትሬቨር አነበበ። ደግሞ አነበበ። ብርጭቆውን በሁለት እጁ እንደያዘ ተቀመጠ፤ ማልኮም እጁን ሲይዘው እንኳ ብርጭቆውን ለመልቀቅ ጊዜ ወሰደበት። መጽሐፉ ቅናት አጥንትን ያነቅዛል ይላል፤ እሑድ እሑድ ሲነበብ ሰምተነዋል፤ ትሬቨርም ከእኛው ጋር ተቀምጦ ሰምቶታል።

«ልሂድ?» አለች ዴል። ለአሥራ ሁለት ሰዓት አሥር ጉዳይ ነበር።

«እኔ አደርስሻለሁ» አለች ኖላ።

ቤቷ ደረሱ። ጎረቤቷ ኮቷን ለብሳ በር ላይ ትጠብቃለች። ዴል ሽርጧን ሳታወልቅ ገባች፤ አንድ እጇን ከቪክ ትከሻ ሥር፣ አንዱን ከዳሌው ሥር አስገብታ ቀስ ብላ ገለበጠችው፤ ትራሱን አስተካከለችለት። ቪክ ገና ምንም አልሰማም። ሠላሳ ዓመት እንዳደረገው ሁሉ፣ በዚያ በተሰናከለ አንደበቱ ጠየቃት።

«ታዲያ... ማን አሸነፈ?»

ዴል ጀርባውን ታሸው ጀመር። ወረቀቱ ተነቧል፤ አሁን መናገር ትችላለች።

«የትሬቨር ሰማንያ ስድስት» አለችው።